ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምን እንግዛ ላላችሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ጓደኛሞች ለትውልድ ከተማችሁ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባስባችኋል። ለጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ኢንኩቤተር (ሕፃን የሚያሞቅ ማሽን) ለመላክ፣ ለእናቶች ደግሞ አፕ ለማሠራት አስባችኋል። ነርሶቹንና ቤተሰቡን በእውነት የሚያግዘው የቱ ነው ብለሻል። እኔ በዚህ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ መጀመሪያ ክልል ከተማ፣ አሁን አዲስ አበባ። ሐሳባችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ነርሷን የሚያግዝና ቤተሰቡን የሚያግዝ ብላችሁ ገንዘቡን ለሁለት አትክፈሉት። እናት ልጇ እንዴት እንዳደረ ካወቀችና ታቅፋው ከተቀመጠች፣ ነርሷ ተጨማሪ ዓይን አገኘች ማለት ነው። እናት ውጭ ቆማ የምታለቅስ ከሆነ ደግሞ ነርሷም ሥራዋን በሰላም አትሠራም። እኔ ማንኛውም ዕቃ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እናትን ወደ ልጇ ያቀርባታል ወይስ ያርቃታል?

ከኢንኩቤተሩ ልጀምር። ሕይወት ያድናል፤ በተለይ በጣም ትንንሾቹንና የታመሙትን። ግን እናንተ ያላችሁበት አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይህ ሳይታሰብ መጥቶ ኮሪደር ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ማሽን አይቻለሁ። ቮልቴጁ ቢስተካከልም የቆዳ ሙቀት መለኪያዋ ገመድ ስትበጠስ መተኪያ ከየት ይመጣል? ማጣሪያውስ? ስለዚህ ከሐኪሙ በፊት የሆስፒታሉን ባዮሜዲካል ባለሙያ አነጋግሩ። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። የትኛውን ሞዴል መጠገን እንደሚችል ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያለጊዜው የተወለደን ልጅ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሞቅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ነው። እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ዶክተር ቦጋለ ወርቁ አዲስ አበባ ላይ የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ከዚያ በ2021 ትልቁ ጥናት ወጣ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ነው። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ፣ እንደተወለዱ ደረት ላይ እንዲውሉ ተደረገ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ሆኑ። እስኪረጋጉ ከተጠበቁት መካከል ግን 15.7 በመቶ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን በዚሁ መሠረት አስተካከለ።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሕፃናት ሕክምናው አልቀረባቸውም። እናት ፅኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አልጋ ተሰጣት፤ ኦክስጅኑም ክትትሉም ደረቷ ላይ እንዳለ ቀጠለ። ለዚህ ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል። ወደኋላ ጋደም የሚል ጠንካራ ወንበር፣ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ከሁሉም በላይ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚለካ ትንሽ ሞኒተር ከጨቅላ ሕፃን መለኪያ ገመድ ጋር። አዋቂ ጣት ላይ የሚሰካው ለእነሱ አይሆንም። እግር ላይ የሚጠቀለለውን፣ ያውም መለዋወጫውን አብዝታችሁ ግዙ። ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ይህቺ ሞኒተር ብዙ ትሠራለች። ኦክስጅን ላይ ያለ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ቁጥሩ ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል ቢሆን ነው የሚፈለገው። ሲያንስ አደጋ ነው፤ ሲበዛም ዓይኑን ይጎዳል። ኦክስጅን ሲበዛ ያሳውራል ብትሉት የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እውነት ግን ነው። እናቲቱ ቁጥሩን ማንበብ ከተማረች “ሲስተር፣ 86 አለ” ብላ ትጠራሻለች። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት እንኳ ቁጥሮቹን ለይታ ስትጠራኝ አድራለች። ነርስ አንሶ ሕፃን በበዛበት ሌሊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። የማንቂያ ድምፁን ግን በትክክል አስተካክሉልን። ያለ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ማሽን ጆሮ ይለምደዋል፤ ያኔ እውነተኛውም ጩኸት ያመልጣል።

መብራት ሲሄድ ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ይቆማል። ጀኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያሻግር ባትሪና የተሞላ ሲሊንደር መኖሩን ጠይቁ። ይህን ሳታረጋግጡ ስክሪን ያለው ነገር አትግዙ።

ስለ ታብሌትና አፕ ደግሞ። ዚምባብዌና ማላዊ ውስጥ ኒዮትሪ የሚባል አሠራር አለ። ነርሷ ሕፃኑን ስትቀበል በታብሌት ትመዘግባለች፣ ምን ማድረግ እንዳለባትም እዚያው ይመራታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ ጋ የማየው ችግር ግን ታብሌቱ ይመጣል፣ ወረቀቱም አይቀርም። ነርሷ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፤ ሁለተኛውን የምትጽፈው ከሕፃኑ ቀንሳ ነው። አንድ ቅጽ የማያስቀር ታብሌት ከሆነ ይቅርብን። በክብደት የመድኃኒት መጠን አስልቶ የሚያሳይ ነገር ግን ዛሬውኑ ይጠቅማል። 1.2 ኪሎ ልጅ ላይ የነጥብ ስህተት ቀልድ አይደለም።

ቤተሰቡን በተመለከተ ብዙ ጊዜ አዲስ አፕ አያስፈልግም። ቴሌግራም ብዙ ሰው ስልክ ላይ አለ። ሕፃኑ በሪፈር እኛ ጋ ሲመጣ እናቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ ሌላ ሆስፒታል ተኝታ ሊሆን ይችላል። አባት በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ከክፍሉ ስልክ የተላከ አጭር ቪዲዮ ያቺን እናት ምን እንደሚያደርጋት አይቻለሁ። ጡቷን እያለበች ወተቱን በአባት ትልካለች። ስልኩ ግን የክፍሉ እንጂ የነርሷ የግል አይሁን። ቪዲዮው ወደ እናቲቱ ቁጥር ብቻ ይሂድ፣ የሌላ ሰው ልጅ አይታይበት። መጀመሪያ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቅ። ልጄ ክርስትና ሳይነሳ ፎቶ አይነሳ፣ ዓይን ይበላዋል የሚል ቤተሰብ አለ። እሺ ይባላል፤ ለእነሱ የድምፅ መልእክት ይበቃል። እንዲያውም ድምፅ ከጽሑፍ ይሻላል። አያትየውም ትሰማዋለች፤ “አራስ እንዴት ከቤት ትወጣለች” የምትለው እሷ ናትና እናት ለምን ልጇ ጋ መዋል እንዳለባት ከነርሷ አንደበት ብትሰማ ቤት ውስጥ ያለው ሙግት ይቀልላል። በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን፤ የአካባቢው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይቀረጽ።

አንድ ነገር አደራ። መጥፎ ዜና በስልክ መልእክት አይላክ። ልጅ ሲብስበት ቤተሰቡ ተደውሎ ይጠራል፣ ቁጭ ብሎ ፊት ለፊት ይነገረዋል። ሲሞት ደግሞ ሐዘኑን የሚካፈል ሰው አጠገቡ ይኑር። የምታሠሩት ነገር “የልጅዎ ሁኔታ ተቀይሯል” የሚል ጽሑፍ በራሱ የሚልክ ከሆነ አጥፉት።

ሕፃናቱ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለውንም አትርሱ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ከተወለደ 4 ሳምንት ገደማ ላይ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ቤታቸው ናቸው። የሚያስታውስ መልእክት ቢላክ ዓይን ያተርፋል። መልእክቱ ግን በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ይጻፍ። “9 ሰዓት” ብሎ የሚልክ አፕ እናቲቱን ከሰዓት በኋላ ያመጣታል፤ የዓይን ሐኪሙ ጠዋት ጨርሶ ሄዷል።

አሁን የሆስፒታሉን ስም መጻፍ አያስፈልግሽም። ክፍሉ ስንት አልጋ እንዳለው፣ በሌሊት ፈረቃ ስንት ነርስ እንደሚያድር፣ እናቶች የሚያድሩበት ቦታ እንዳለ፣ ባዮሜዲካል ባለሙያ እንዳለና መብራት ሲሄድ ጀኔሬተሩ በምን ያህል ደቂቃ እንደሚነሳ ጠይቀሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ባላችሁት ብር ከየቱ መጀመር እንዳለባችሁ ያኔ አብረን እናያለን።