የሜክሲኮን የዶሮ ሾርባ ለውሻ ማብሰል፦ ጥያቄና መልስ

ባለሚዛኑ፦ ካልዶ ደ ፖዮን፣ የሜክሲኮን የዶሮ ሾርባ፣ ታውቋታላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ዶሮ ከነአጥንቱ፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ድንች፣ ዝኩኒ፣ ቻዮቴ (ከዱባ ዘር የሆነ አረንጓዴ አትክልት)፣ ከነቆረቆንዳው የተቆራረጠ በቆሎ፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንብላል። ገበታ ላይ ሎሚ፣ ቃሪያና አቮካዶ ይጨመርባታል። አብዛኛው ለውሻ ይሆናል፤ የሚጎዳው ግን ገና ውሃው ሲጣድ አብሮ የሚገባው ነው። ስለ ድስቱ ጠይቁኝ። የውሻችሁን ክብደት ሳትጽፉ «ስንት ልስጠው?» አትበሉኝ።

የቡቺ እናት፦ ጋሼ፣ ሽንኩርቱን ሳልከትፍ ግማሹን ከትቼ ሲበስል ባወጣውስ? የሚቀረው መረቁ ብቻ ነው።

ባለሚዛኑ፦ አይሆንም። ጉዳቱ ያለው ውሃው ውስጥም ነው። በሽንኩርት ያለው የሰልፈር ውህድ ወደ መረቁ ይወጣል፤ ውሻው ሲጠጣው ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ማብሰል አያጠፋውም፣ ማድረቅም አያጠፋውም፤ እንዲያውም የደረቀው ዱቄት በግራም ሲመዘን ከእርጥቡ የከፋ ነው። ከሰውነቱ ክብደት 0.5 ከመቶ በላይ ሽንኩርት የበላ ውሻ ላይ ጉዳቱ በተደጋጋሚ ታይቷል፦ ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም፣ ለ2.5 ኪሎ ቺዋዋ 12.5 ግራም፣ ማለትም አንድ ቁራጭ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ይጠራቀማል። አኪታና ሺባ ኢኑ የሚባሉት የውሻ ዝርያዎች ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። ምልክቱ በማግስቱ ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ባሮ ሽንኩርትም የሽንኩርት ቅጠልም ያው ነው። ኩብና የሾርባ ዱቄትም እንዲሁ፤ ጀርባውን አንብቡት፣ ብዙዎቹ ላይ ሽንኩርትና ጨው ተጽፏል።

ሰናይት ከዴንቨር፦ ነጭ ሽንኩርትስ? ቁንጫ ያባርራል ይባላል።

ባለሚዛኑ፦ አይገባም።

አንጋፋው፦ ይቅርታ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። መጠኑ ላይ ነው ነገሩ።

ባለሚዛኑ፦ መጠኑን ማን ይለካል? በኪሎ 5 ግራም ያህል ነጭ ሽንኩርት የሚተካ ጭማቂ ለ7 ቀን የተሰጣቸው ውሾች የደም ሴላቸው ሲጎዳ ታይቷል። ለቁንጫ ደግሞ የቁንጫ መድኃኒት አለ። ጥቅሙ ያልታወቀ ነገር ለውሻ ድስት ምን ይፈይዳል? ስለ ሽንኩርት ከዚህ በላይ አልመልስም።

ዳንኤል ሂዩስተን፦ እሺ፣ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ንገረን።

ባለሚዛኑ፦ የሜክሲኮውን ቅደም ተከተል ገልብጠው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ሳይሆን የውሻው ድርሻ ከወጣ በኋላ ይገባል።

1 ኪሎ አጥንትና ቆዳ የሌለው የዶሮ ጭን በ2.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጣድ። ጨው የለም። ሲፈላ እሳቱን ቀንስና ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ቴርሞሜትር ካለህ የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይድረስ። ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው 60 ግራም የዶሮ ጉበት ጨምር። ሥጋውንና ጉበቱን አውጣና ክተፍ። ከመረቁ 1.2 ሊትር ቀድተህ በሌላ ድስት 300 ግራም ሩዝ አፍላበት። በ10ኛው ደቂቃ 150 ግራም ካሮትና 150 ግራም ቻዮቴ ጨምር፤ ቻዮቴው ይላጥና ፍሬው ይውጣ፣ ሁለቱም ጥፍር አክለው ይከተፉ። ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው 150 ግራም ዝኩኒ አግባ። ሩዙ ለሰው ከሚበስለው በላይ ይለስልስ፤ እህል ፍርክስክስ ካላለ ብዙው ሳይፈጭ በሌላ በኩል ይወጣል። ሥጋውን ደባልቅ፣ ለብ ሲል 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምር። የድንብላል ቅጠል ከወደድክ አንድ የሾርባ ማንኪያ ክተፍበት።

የተረፈው መረቅ የቤተሰቡ ነው። ሽንኩርቱን፣ ጨውን፣ ቃሪያውን፣ ድንቹን ያን ጊዜ ክተትበትና የእናንተ ካልዶ ይቀጥል። ማማሰያው ግን ይለያይ። የሰውን ድስት ያማሰላችሁበት ማንኪያ ወደ ውሻው እንዳይመለስ።

የቡቺ እናት፦ አጥንት ከሌለው መረቁ ውሃ ውሃ አይልም?

ባለሚዛኑ፦ ለእናንተ ይላል፣ ለውሻው ግድ የለውም። ከፈለግሽ አጥንቱን ብቻውን አፍዪና በወንፊት አጥልይው። ሙሉ ዶሮ ካበሰልሽ ግን ተጠንቀቂ፦ በእግሩ ውስጥ ከወፍራሙ አጥንት ጎን መርፌ የመሰለች ቀጭን አጥንት አለች፤ ሥጋው ሲለቅ ተለይታ ትጠፋለች። የጎድንና የአንገት ስንጥሮችም እንዲሁ። ከወንፊት በኋላም በእጅሽ ዳብሺ። የበሰለ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆናል፣ ጉሮሮም አንጀትም ይወጋል።

የሜክሲኮ ሰፈር ልጅ፦ ኧረ ተው! አገር ቤት ያለ ውሻ ሁሉ በአጥንት ነው ያደገው። ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው?

አንጋፋው፦ እውነቱን ነው። ለፋሲካ የተረፈውን የዶሮ አጥንት በልቶ የሞተ ውሻ አላየሁም።

ሰናይት ከዴንቨር፦ የሞተውን ማን መርምሮት ያውቃል? «ሰው መርዞት ነው» ይባላል፣ ያልቃል።

የሜክሲኮ ሰፈር ልጅ፦ እሺ ይሁን። ግን ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ እንዳለ ታውቃላችሁ? እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አለን፣ እነሱ ኢትዮጵያ አላቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከእኛ ጋር ስለቆሙ ነው።

ባለሚዛኑ፦ አውቃለሁ። 3ኛው መስመር ላይ ነው። ወደ ድስቱ እንመለስ። የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጥም።

ማሜ፦ ታዲያ ካልሲየሙ ከየት ይመጣል? አጥንት ሲፈላ መረቁ ውስጥ አይገባም?

ባለሚዛኑ፦ ተባረክ፣ እስካሁን ከተጠየቀው ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። አይገባም። አጥንት ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ወደ መረቁ የሚወጣው ጄላቲን ነው፤ ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ ይቀራል። ሥጋ ደግሞ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ዶሮና ሩዝ ብቻ ለወራት የበላ ውሻ ደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለመጠበቅ ከገዛ አጥንቱ ይመዛል። መጀመሪያ መንጋጋው ይሳሳል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል። ከውጭ ግን ወፍሮ፣ ጸጉሩ አብረቅርቆ ታዩታላችሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከላይ ያለው ድስት 2600 ካሎሪ ገደማ ነው። ለአዋቂ ውሻ በ1000 ካሎሪ ቢያንስ 1.25 ግራም ካልሲየም ይፈለጋል፤ ለድስቱ 3.3 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከክብደቱ 38 ከመቶ ያህሉ ካልሲየም ስለሆነ 9 ግራም የቅርፊት ዱቄት ይበቃል። ይህ መጠን ከሥጋውና ከሩዙ ፎስፈረስ ጋር ሲተያይ ካልሲየሙን ትንሽ ያስበልጠዋል፤ ትክክሉም እሱ ነው፣ ከ1 ለ1 በታች አይውረድ፣ ከ2 ለ1 አይለፍ። ቅርፊቱን እጠብ፣ በምድጃ 150 ዲግሪ ላይ ለ10 ደቂቃ አድርቅ፣ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ፍጭ። በማንኪያ አትስፈር፤ የላመውና ያልላመው በማንኪያ እኩል አይመዝንም። የግራም ሚዛን ግዛ።

ይሄም ቢሆን ምግቡን ሙሉ አያደርገውም። ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲን፣ ማንጋኒዝ፣ ቪታሚን ዲና ኢ ይጎድሉታል። በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው 95 ከመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎት አግኝተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች የጻፏቸውም ነበሩ። ስለዚህ በየቀኑ ለሚበላ ውሻ፣ ለቤት ምግብ ተብሎ የሚሸጠውን የማዕድንና የቪታሚን ዱቄት ሐኪም በሚያዝዘው መጠን ጨምሩ። ያ ዱቄት ካልሲየም ካለው ደግሞ ቅርፊቱን ተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ሌላ ችግር ነው።

ዘቢባ፦ ለውሻዬ በቀን ስንት ልስጠው?

ባለሚዛኑ፦ ስንት ኪሎ ነው? መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ?

ዘቢባ፦ መካከለኛ ውሻ ነው።

ባለሚዛኑ፦ «መካከለኛ» ሚዛን ላይ አይወጣም። ስሌቱን ልስጥሽና አንቺ ሥሪው፦ ክብደቱን በኪሎ ወደ 0.75 ኃይል ከፍ አድርጊ (ካልኩሌተር ላይ xʸ የሚለው ቁልፍ ነው)፣ በ70 አባዢ፣ ለተኮላሸ አዋቂ ውሻ እንደገና በ1.6 አባዢ። 5 ኪሎ ወደ 375 ካሎሪ፣ 10 ኪሎ ወደ 630፣ 20 ኪሎ ወደ 1060። እንግዲህ ድስቱ ለ10 ኪሎው 4 ቀን፣ ለ5 ኪሎው 7 ቀን፣ ለ20 ኪሎው ሁለት ቀን ተኩል ነው። የበሰለውን ሁሉ መዝኚ፣ በቀኑ ቁጥር አካፍዪ። በየ2 ሳምንቱ ውሻውን ራሱን መዝኚ፤ ከወፈረ 10 ከመቶ ቀንሺ።

ብሩክ ከሜሪላንድ፦ ዶሮ ወጥ ታጥቦ ቢሰጠውስ?

ባለሚዛኑ፦ ግማሹ ሽንኩርት የሆነ ወጥ ነው የምታጥበው? አይሆንም።

ብሩክ ከሜሪላንድ፦ በበርበሬው ምክንያት ነው ወይስ…

ባለሚዛኑ፦ በሽንኩርቱ። በሽንኩርቱ።

ማሜ፦ በቆሎውስ? አቮካዶስ? ድንቹስ?

ባለሚዛኑ፦ የበቆሎ ፍሬው ተፈልፍሎ ጥቂት ይገባል፤ ቆረቆንዳው በፍጹም፣ አንጀት ይዘጋል። ከዚህ ሾርባ ውሻ ወደ ቀዶ ጥገና ከሚያስገቡት አንዱ እሱ ነው፣ ጣዕሙ ስላለበት ሳያኝከው ይውጠዋል። ድንች የተላጠና የበሰለ ይሆናል፣ አረንጓዴ ያለበት አይሆንም፤ ከገባ ሩዙ ይቀነስ። ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል። አቮካዶ ቅባቱና ፍሬው ችግር ነው፣ ተዉት። ሎሚ የለም። በካልዶ ትላልፔኞ፣ በሌላው የሜክሲኮ የዶሮ ሾርባ፣ የሚገባው ሽምብራ በልዩ ድስት ከተቀቀለ ጥቂት ይሆናል፤ የዚያው ሾርባ ቺፖትሌ፣ በጭስ የደረቀው ቃሪያ፣ ግን አይሆንም። የዶሮ እግር ለመረቅ ብቻ፣ ከዚያ ይጣላል።

ሰናይት ከዴንቨር፦ ለድመትስ?

ባለሚዛኑ፦ ድመት ሌላ እንስሳ ናት። ጥያቄው ስለ ውሻ ነው።

አንጋፋው፦ የዶሮ ቆዳው ግን ለጸጉሩ ጥሩ ነው፣ ለምን አወጣኸው?

ባለሚዛኑ፦ ቅባት የበዛበት ምግብ በድንገት የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ሚኒየቸር ሽናውዘር በተለይ። ለጸጉሩ ዘይቱ ይበቃዋል። መረቅ ልታፈሱለት ብትፈልጉም ሌሊቱን ፍሪጅ ይደር፣ ከላይ የረጋውን ቅባት በማንኪያ አንሱ።

ዳንኤል ሂዩስተን፦ ቡችላ አለኝ፣ የ4 ወር ጀርመን ሼፐርድ። ይሄን ልጀምርለት?

ባለሚዛኑ፦ አትጀምርለት። በሚያድግ ትልቅ ዝርያ ላይ ካልሲየም ሲጎድልም ሲበዛም አጥንት ይጣመማል፤ በቤት ድስት የሚሞከር አይደለም። ኩላሊቱ ለታመመም ይሄ አይሆንም።

ዳንኤል ሂዩስተን፦ ተቅማጥ ላይ ግን ዶሮና ሩዝ ይታዘዛል አይደል?

ባለሚዛኑ፦ ለጥቂት ቀን፣ ያለ ዘይትና ያለ ጉበት። ደም ካለበት ወይም ካስመለሰው ወደ ሐኪም። እዚህ እኔን አትጠብቁ።

ማሜ፦ ስንት ቀን ይቀመጣል?

ባለሚዛኑ፦ ፍሪጅ 3 ቀን፣ የቀረው በየቀኑ ድርሻ ተለይቶ ፍሪዘር። ድስቱን እንዳለ አታሳድሩ፤ ሩዝ በትልቅ ድስት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ከነበረው ምግብ ወደዚህ ስትቀይሩም በ7 ቀን ይሁን፣ ከሩብ ጀምራችሁ።

የቡቺ እናት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ትናንት ሠራሁት፣ ቡቺ ወደደው፤ ግን ሳህኑ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ቀርቶ ነበር። አጠብኩት። ምንድነው?

ባለሚዛኑ፦ ቅርፊቱ ነው። አልላመም፣ ወይም በቀጭኑ መረቅ ላይ በተንሽው። ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፣ አንዱ ድርሻ ሁሉንም ይወስዳል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። እንደገና ፍጪው፣ በወንፊት ንፊው፣ ከወፍራሙ ሩዝ ጋር እሺው። ያጠብሽው ካልሲየሙን ነው።