ኮርስ ብስክሌት ኮብልስቶን ላይ፦ ጎማህን ድንጋይ አታድርገው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ፣ ያገለገለ ኮርስ ብስክሌት ገዝቼ ሁለት ወር ሆነኝ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ አንድ ኪሎሜትር የማይሞላ ኮብልስቶን አለ፣ እሷ ናት የምትገድለኝ። ጎማው ስፋቱ 23 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ በሁለት ሳምንት ሶስቴ ተነፈሰብኝ፣ ጎሚስታው ንፋስ አንሶህ ነው ብሎ እስከ 120 PSI ሞላልኝ። መተንፈሱ ቀረ፣ አሁን ግን እጄ ይደነዝዛል፣ የኋላው ቸርኬ ይወላገዳል፣ ትላንት ደግሞ አንድ ሽቦ ተበጠሰ። ኪሎዬ 72 ነው። ሸጬ ማውንቴን ልግዛ ወይ?»

አትሽጥ ወንድሜ። ማውንቴን ብትገዛ ኮብልስቶኗን ትረሳታለህ፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ለአንዷ ኪሎሜትር ብለህ የቀረውን አስፋልት በሙሉ ያን ከባድ ጎማ ስትጎትት ልትውል ነው። ችግርህ ብስክሌቱ ሳይሆን ጎማው ነው።

ጎሚስታው አልዋሸህም፣ ግማሹን ነው የነገረህ። ያወለቅካትን ከመነዳሪ ካልጣልካት ንፋስ ሙላትና ውሃ ውስጥ ንከራት። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ፣ ልክ እባብ የነደፋት የሚመስል፣ ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ እስከ ቸርኬው ድረስ ተጨፍልቆ ከመነዳሪዋን በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ቆንጥጧታል ማለት ነው። ይሄ የንፋስ ማነስ ነው። ቀዳዳው አንድ ሆኖ በመንገዱ በኩል ከሆነ እሾህ ወይ ጠርሙስ ነው፣ ጎማውን ገልብጠህ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብሰው፣ ስባሪው እዛው ተሰክቶ ይጠብቅሃል። በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍነው ጥብጣብ ሸሽቷል፣ እሱ ካልተስተካከለ የፈለግከውን ጎማ ብትገዛ ዋጋ የለውም።

ያንተ ግን ንፋስ ሲጨመር ስለቀረ መቆንጠጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። እና 120 ሲሞላው መቆንጠጡ ቀረ፣ ጥሩ፣ ግን ምቱ የት ሄደ? ጎማው ካልዋጠው ሽቦው ይቀበለዋል፣ ኩሽኔታው ይቀበለዋል፣ መሪው በእጅህ በኩል እስከ ትከሻህ ያደርሰዋል። ኮርስ ብስክሌት ሾክ የለውም፣ ያለው ስፕሪንግ ጎማ ውስጥ ያለችው አየር ብቻ ናት፣ እሷንም አንተ ድንጋይ አደረግካት። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የንፋስ ቁጥር እኮ «ከዚህ አትለፍ» ነው እንጂ «እዚህ አድርስ» አይደለም።

ደረቅ ጎማ ይፈጥናል የሚባለው ለስላሳ አስፋልት ላይ ነው። ኮብልስቶን ላይ የደረቀ ጎማ ድንጋዩን አያቅፈውም፣ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር አንተንና ብስክሌቱን ወደ ላይ ያነሳችሁ ጉልበት ከእግርህ የወጣ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1896 ጀምሮ የሚካሄደው የፈረንሳዩ ፓሪስ ሩቤ ከ50 ኪሎሜትር በላይ ድንጋይ ያለበት ውድድር ነው፣ አሸናፊው የሚሸለመውም የመንገድ ድንጋይ ነው፣ እና እነዛ ለሰከንድ የሚሞቱ ሰዎች ድሮ ቀጭን ጎማ ይነዱ የነበሩት ዛሬ 30 እና 32 ነው የሚያስሩት፣ ንፋሱንም ቀነስ አድርገው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስፋት፣ ከዛ ንፋስ። በ23 ላይ ንፋስ ብቻ ብትቀንስ ወደ እባቡ ትመለሳለህ፣ ብትጨምር ወደ ሽቦው፣ መሃሉ በጣም ጠባብ ነው። ለ28 ቦታ እንዳለህ እንዲህ ለካ፦ አለን ኪይ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) አምጣና 6 ቁጥሩን በጎማውና በፍሬሙ መሃል ግራም ቀኝም አሳልፈው፣ ከፔዳሉ ጀርባ ጎማው በጣም የሚጠብብበት ቦታ ላይ። ከዛ 8 ቁጥሩን በጎማው አናትና በፍሬኑ መሃል፣ ፊትም ኋላም። ሁሉም ሳይነካ ካለፈ 28 ይገባል፣ ክረምት ላይ ግን ጭቃ ሊይዝብህ ይችላል። አላልፍ ካለ 25 አድርግ፣ 25ም ቢሆን ከ23 ለውጥ አለው። አንዳንዴ ኋላ እምቢ ብሎ ፊት ይገባል፣ የተለያየ ጎማ ማሰር ነውር አይደለም፣ ለእጅህ የሚጠቅምህ የፊቱ ነው።

ስትገዛ ደግሞ አደራ «28 ጎማ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ባለሱቁ ያቺን የድሮ የቻይና ወይ የህንድ ትልቅ ብስክሌት ጎማ አውጥቶ ይሰጥሃል፣ እሷም 28 ነው የምትባለው፣ ግን በኢንች ነው፣ ያንተ በሚሊሜትር ነው። ጎማው ጎን ላይ 28-622 የሚል ፈልግ፣ የዛችኛዋ 635 ይላል፣ 27 ኢንች የሚባለው የድሮ ኮርስ ደግሞ 630 ነው። በ622 እና በ630 መሃል ያለው ልዩነት 8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በአይን አታውቀውም፣ ቤት ወስደህ ስትታገል ነው የሚገባህ። እኔ ራሴ ጀማሪ እያለሁ ለአንድ ደንበኛ 630ውን 622 ቸርኬ ላይ አስገባሁት፣ በጣም ቀለለኝ እንደውም ደስ አለኝ፣ ንፋስ ስሞላው ጎማው ከቸርኬው ዘሎ ወጣና ከመነዳሪዋ ጆሮዬ ስር ፈነዳች። የዛን ቀን የጎማ ጎን ማንበብ ተማርኩ።

ንፋሱ፣ በ72 ኪሎ ከነቦርሳህ፣ በ28 ጎማ ፊት 65 ኋላ 75 PSI ብለህ ጀምር፣ ኋላ የሚበዛው ክብደትህ እዛ ስላለ ነው። ከዛ ሰፈርህን አንዴ ንዳትና 3 ወይ 4 ቀንስ፣ ድጋሚ ንዳት። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህ በጣም ወርደሃል፣ 5 መልስ። 25 ከገባልህ ፊት 75 ኋላ 85 አካባቢ ጀምር። ጌጅ ያለው የራስህ ፓምፕ ይኑርህ። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕረሰር ለመኪና ነው፣ ቀጭኗ ከመነዳሪ ውስጥ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ በሁለት ሰከንድ ያልፍብሃል፣ ቀጭኗ ቫልቮላ ደግሞ ያለ አዳፕተር አትይዝለትም።

ሽቦውን አታቆየው። አንድ ሲበጠስ የሱን ጭነት ጎረቤቶቹ ይሸከማሉ፣ ከዛ ሁለተኛው ይከተላል፣ ቸርኬህም ይብሱን ይወላገዳል። ይቀየርና ቸርኬው በማቃኛ ይቃና። ራስህ ለመፈተሽ ሽቦዎቹን እንደ ክራር በጥፍርህ ምታቸው፣ በአንድ በኩል ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው፣ አንዱ «ዱብ» ካለ ላልቷል። የኋላው ቸርኬ በማርሹ በኩል ቀጭን ድምፅ ቢያወጣ አትደንግጥ፣ በዛ በኩል በተፈጥሮው ይጠብቃል። የፊት ፍሬን ይዘህም ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርገው፣ መሪው ስር «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። ለእጅህ ደግሞ የመሪውን ፋሻ ፍታና ከስሩ አሮጌ ከመነዳሪ ቀደህ ጠቅልልበት፣ ጓንት ከመግዛትህ በፊት ይሄን ሞክር፣ ነፃ ነው።

አነዳድህን አላየሁም ግን እጁ የሚደነዝዝ ሰው ብዙ ጊዜ መሪውን አንቆ ነው የሚይዘው። ከላይ ያዝ፣ ላላ አድርገህ፣ ክርንህን አጠፍ፣ መሪው ትንሽ ይደንስ ተወው። አንድ ማርሽ ከበድ አድርግና ፍጥነትህን ይዘህ ግባ፣ ቀስ ስትል ነው እያንዳንዱ ድንጋይ የሚቆጠርብህ። ድንጋዩ እንደ ጥርስ የወለቀ ቦታ ስትደርስ ቂጥህን ከኮርቻው ትንሽ አንሳ። ፍሬን ከጉድጓዱ በፊት ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም። ለውሃ ቱቦ ተቆፍሮ የተመለሰ ቦታ ሁሌ ወይ ያበጠ ወይ የሰመጠ ነው፣ ድንጋዩ አዲስ ቢመስልም አትመነው። አስፋልቱና ኮብልስቶኑ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይም ቀጥ ብለህ ግባ፣ በሰያፍ ከገባህ ጎማውን ይዞ ይጥልሃል።

ዝናብ ሲሆን የብዙ ሰው እግርና መኪና ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ጭቃ ሲቀባበት ሳሙና ነው የሚሆነው። ያኔ ከንፋሱ 5 ቀንስ፣ መታጠፊያ ላይ ብስክሌቱን አታጋድም፣ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ወርደህ ግፋት፣ እኔም እወርዳለሁ።

ለጎማው ከመክፈልህ በፊት የጎኑን ፅሁፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።