የሄልሲንኪ ተማሪዎች ኅብረ ዝማሬ

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች ኅብረ ዝማሬ ቡድን ለአንድ አገር ሙዚቃ ከፍ ያለ አስተዋጽኦ ያደረገበት ምሳሌ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የምንጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1883 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውን «ዪሊዮፒላስኩናን ላውላያት» የተባለውን ቡድን ነው። የስዊድን ቋንቋ በፊንላንድ ምሁራን ዘንድ በገነነበት በዚያ ዘመን፣ ቡድኑ በፊንላንድኛ በመዘመር ፈር ቀዳጅ ሆኗል። ይሁን እንጂ በእኛ ግምት ታላቁ ውለታው ለወንዶች ድምፅ የሚሆኑ አዳዲስ ድርሰቶች እንዲጻፉ ማነሣሣቱ ነው፤ ባዘጋጀው የድርሰት ውድድር የተሳተፈው ፊንላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዣን ሲቤሊየስ «ራካስታቫ» በተሰኘው ሥራው ሁለተኛ የወጣ ሲሆን፣ ቡድኑም ይህንኑ ሥራ በ1894 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አቅርቦታል። ዛሬ ከፊንላንድ ውጭ ይበልጥ የሚታወቀው ግን፣ የዳኞቹ ፍርድ እንዳለ ሆኖ፣ ይኸው ሁለተኛ የወጣው ድርሰት ነው።