የልደት ጨዋታ ልጆችን ጠብ ያስተምራል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። 18 ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ የዘመድና የጎረቤት ልጅ ልደት ሲደርስም ጨዋታ የማጫውተው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ብዙ ወላጆች ስለ ልደት ጨዋታና ስለ ጠብ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ አንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5ኛ ዓመት ልደቱ ላይ የወንበር ጨዋታ ሲጫወቱ የጎረቤታችንን ልጅ ገፍትሮ አፏን አደማት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ጥፋቱ የጨዋታው ነው የልጄ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ልጅሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስድስት ልጅ፣ አምስት ወንበር፤ ዘፈኑ ሲቆም ያልተቀመጠ ይወጣል። ሕጉን ያወጣነው እኛ ትልልቆቹ ነን፣ ዙሪያውን ቆመን "ቶሎ በል! ቶሎ በል!" እያልን የምንጮኸውም እኛው ነን፣ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ወንበሩን ቀድሞ ለመያዝ ከክርኑ በቀር ሌላ ዘዴ የለውም። በፈረንጆቹ 1994 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፤ 4 እና 5 ዓመት የሆናቸው 70 ልጆች ላይ የተደረገ። አሸናፊና ተሸናፊ ያለበትን ጨዋታ ሲጫወቱ መማታትና መገፋፋቱ ጨመረ፣ ተባብረው የሚጫወቱትን ሲጫወቱ ቀነሰ። ለውጡ ጨዋታው አልቆ ልጆቹ እንደፈለጉ በሚጫወቱበት ሰዓትም ታይቷል። ይሄ ግን ልጅሽ ሲያድግ ተደባዳቢ ይሆናል ማለት አይደለም። የዚያን ሰሞን ሁኔታ ነው የሚነግረን። አሁን ልጅሽን ይዘሽ እናቷ ጋ ሂጂ፣ ቡና ጠጡ።

ጥያቄ፦ የእኛ ጨዋታዎችስ? አባሮሽ፣ ኩኩሉ፣ መሀረቤን ያያችሁ ተጫውተን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?

መልስ፦ የእኔም ልጅነት ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። "ምን ሆንን" የሚለው ግን ብዙ አያስኬድም፤ ያኔ የተገፋውን ልጅ ብንጠይቀው ሌላ ነገር ሊያወራን ይችላል። ይልቅ ጨዋታዎቹን እዩዋቸው። በ"መሀረቤን ያያችሁ" ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው "አላየንም" ይላሉ፣ ዟሪው መሀረቡን ከአንዱ ኋላ ጣል ያደርጋል፣ ያ ልጅ ከነቃ ተነስቶ ያባርረዋል። ሩጫ አለ። በመሀረብ ጀርባን መመታትም አለ። ግን ከጨዋታው የሚባረር የለም፤ ተራው የደረሰው ይዞራል፣ ያልደረሰው ይዘፍናል። ኩኩሉ ላይም የተያዘው በተራው ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ" እያለ ይጣራል። በወንበር ጨዋታ ግን መጀመሪያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ትንሹ ወይም ዓይን አፋሩ ነው። ጨዋታው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ጥግ ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዶቹ ልደት ላይ ሁሌ መሬት ላይ ይታገላሉ። ላስቁማቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፊታቸውን እይ። እየሳቁ ከሆነ፣ አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው ከላይ የሚሆን ከሆነ፣ ሲጨርሱም አብረው ከሄዱ ጨዋታ ነው፣ ተዋቸው። ፊት ከተኮሳተረ፣ ወይ ሁሌ ያው አንድ ልጅ ከታች ከሆነ ግን ግባ። አንቶኒ ፔሌግሪኒ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያየው ነገር አለ፦ እኩዮቻቸው የሚወዷቸው ልጆች ትግላቸው ወደ ሌላ ጨዋታ ይዞራል፣ የተገለሉት ልጆች ትግል ግን ወደ እውነተኛ ጠብ ያዘነብላል። አባቶቻችን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይሉ የለ? ስምምነቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልጆቹም ከመጀመሪያው ይስሙት፦ "በቃ" ያለ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ልደት ያለ ፒኛታ (ከረሜላ ተሞልቶ ተሰቅሎ ልጆች በዱላ እየመቱ የሚሰብሩት ዕቃ) አይሆንም። ዱላ አስይዞ ማስደብደብ አይከብድም?

መልስ፦ ልጆች ትልቅ ሰው ሲያደርግ ያዩትን ይደግማሉ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በፈረንጆቹ 1961 አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ለልጆች አሳይቶ ያየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሰው ወይም እንስሳ የሚመስለውን አልገዛም። የሜክሲኮዎቹ የጥንቱ ፒኛታ እኮ ሰባት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። ገመድ እየተጎተተ የሚከፈትም አለ። ከረሜላውን ግን መሬት ላይ አትበትኚው፣ ለየልጁ በከረጢት ይሁን። በዱላው ብቻ ሳይሆን በከረሜላው ሽሚያም ይጎዳዳሉ።

ጥያቄ፦ ገመድ ጉተታስ?

መልስ፦ ቡድኑን በየዙሩ በመቀያየር ብቻ። በፈረንጆቹ 1954 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በሽልማት አወዳደራቸው፤ ገመድ ጉተታም ነበረበት። አንዱ ቡድን የሌላውን ባንዲራ እስከ ማቃጠል ደረሰ። በኋላ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ አለ ሲባል ሁለቱም ቡድኖች መኪናውን አብረው ጎተቱት፣ ያውም በዚያው በገመድ ጉተታው ገመድ። ይህን ለተማሪ ወላጆች ስንት ጊዜ እንዳወራሁት!

ጥያቄ፦ ልጄ የወንበር ጨዋታ ካልሆነ ብላ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አጫውቻት። ወንበሩን ቀንሺ፣ ልጅ ግን አታስወጪ። ዘፈኑ ሲቆም ሁሉም በቀረው ላይ ተጠጋግቶ፣ ተቃቅፎ ይቀመጥ። የፕላስቲክ ወንበር ስለሚገለበጥ እኔ የታጠፈ ብርድ ልብስ ነው የማነጥፈው። መጨረሻ ላይ ስምንት ልጅ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ተደራርቦ ሲስቅ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ መሸነፍንስ መቼ ይልመዱ? ሕይወት ሁሉንም አታስቀምጥም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ መልመድ አለባቸው። ግን በ4 ዓመቱ፣ ሃያ ሰው እያየው፣ ኬክ ሳይቆረስ አይሁን። 7 ዓመት ገደማ ሲሆን ማታ ቤት ውስጥ ገበጣ አውጣና ሁለታችሁ ብቻ ተጫወቱ። አንዴ አሸንፈው። ካለቀሰ አትሳቅበት፣ ጠጠሩን አብራችሁ ልቀሙ። "እንደገና" ካለህ ድገመው።