ዐቃቤ ሕግ የዘጋው መዝገብ ከስንብት ያድነኛል?

ጥያቄ፦ በአንድ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ። በዓመታዊ ቆጠራ ሁለት ላፕቶፕ ኮምፒውተሮች ጎድለው በመገኘታቸው በፖሊስም ተጣርቶብኛል፣ በዲሲፕሊንም ተከስሻለሁ። ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ሲዘጋው የበላይ ኃላፊው ግን ከሥራ አሰናበቱኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የደመወዝ ቅጣት ብቻ ሐሳብ አቅርቦ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ላቅርብ?

መልስ፦ ከሚያስከፋዎት ልጀምር። የዐቃቤ ሕግ መዝገብ መዘጋት ብቻውን ወደ ሥራ አይመልስዎትም። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሥሪያ ቤቱ የወንጀሉን ውጤት ሳይጠብቅ የዲሲፕሊን እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ጥያቄዎቹም የተለያዩ ናቸው። ወንጀሉ «ሰረቀ ወይ?» ሲል፣ ዲሲፕሊኑ «በእጁ ያለውን ንብረት እንደሚገባ ጠበቀ ወይ?» ይላል። ሌባ ያልሆነ ሰው ቸልተኛ ሊሆን ይችላልና የመጀመሪያው ለሁለተኛው መልስ አይሆንም። ይህ ማለት ግን ወረቀቱን ይጣሉት ማለት አይደለም። ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ከአቤቱታዎ ጋር አያይዙት፤ በተለይ የዲሲፕሊን ክሱ «ወስዷል» የሚል ከሆነ ክብደት ይኖረዋል።

ወደ ሥራ ክርክር ችሎት አይሂዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። መሥሪያ ቤትዎ ትርፍ የሚሠራ የመንግሥት የልማት ድርጅት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር፤ የክልል ሠራተኛ ቢሆኑ ደግሞ ክልሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ባወጣው የራሱ ሕግ ይዳኙ ነበር። እርስዎ የሚሄዱት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን ይግባኝ ወደሚያየው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። በሌላ በር ቢገቡ መሥሪያ ቤቱ «ችሎቱ የሥረ ነገር ሥልጣን የለውም» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሣል፣ መዝገቡም ይዘጋል። እርስዎ ያን ውሳኔ ይዘው ሲወጡ የይግባኙ ቀን አልፎ ይገኛል። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰዎት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ ደብዳቤውን ፈርመው የተቀበሉበትን ቀን በትክክል ይያዙ፤ ሽማግሌ እየላኩ አይጠብቁ።

የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ስሙ ፍርድ ቤት ቢሆንም በመደበኛዎቹ ፍርድ ቤቶች መዋቅር ውስጥ ያለ አይደለም። «መንግሥት ከሳሽም ዳኛም ሆነ» የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ሲደነግግ እንዲህ ያለውንም አካል ይጨምራል። መሥሪያ ቤት ተረትቶ ሠራተኛ ወደ ቦታው ሲመለስም አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ፍርድ ቤት በፍሬ ነገር ላይ፣ ማለትም ምን ተፈጸመ በሚለው ላይ፣ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት በይግባኝ የሚኬደው የሕግ ስህተት አለ ተብሎ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው የሚፈልገው። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል፤ ስለ ንብረት ክፍሉ የሚናገሩትን ሁሉ እዚሁ ተናግረው መጨረስ አለብዎት። ላፕቶፖቹ በየትኛው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኑ? በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ተደርገው ከሆነ የፈረመው ማን ነው? የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ነበር፣ በዓመት ፈቃድዎ ጊዜ በማን እጅ ነበር፣ ርክክብስ ተደርጎ ነበር? «ንጹሕ ነኝ» የሚል ሦስት ገጽ አቤቱታ ካነበብኩ በኋላ ከሥሩ አንዲት የቁልፍ ርክክብ ወረቀት ባገኝ የምይዘው ወረቀቷን ነው።

ስለ ኮሚቴው የሰሙትን ግን በአቤቱታዎ ላይ «ሰምቻለሁ» ብለው አይጻፉ። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን ያስይዙ። ከከለከሉዎት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ያመልክቱ። ኮሚቴው ሐሳብ አቅራቢ፣ ኃላፊው ወሳኝ ስለሆኑ ልዩነቱ ብቻውን ስንብቱን አይሽረውም። ሆኖም ማስረጃውን የሰሙ ሰዎች የደመወዝ ቅጣት በቂ ነው ብለው ሳለ ኃላፊው ምክንያት ሳይጽፉ ከቅጣት ሁሉ የመጨረሻውን ከመረጡ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ለሚለው ክርክርዎ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ክሱ በጽሑፍ ደርሶዎት መልስ መስጠትዎንና ምስክሮችዎ መሰማታቸውንም ይመርምሩ፤ የዲሲፕሊን አፈጻጸም ደንብ ቁጥር 77/1994 ሲወጣ ዓላማው ይህ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጁም ከ515/1999 ወደ 1064/2010፣ ከዚያም ወደ 1353/2017 ስለተቀየረ የስንብት ደብዳቤው የጠቀሰው አንቀጽ የትኛው አዋጅ ላይ እንዳለ ያመሳክሩ።

በዳኝነት ጥያቄዎ ስንብቱ እንዲሻር፣ ወደ ሥራ እንዲመለሱና ያልተከፈለዎት ደመወዝ እንዲከፈልዎት ሦስቱንም ለይተው ይጻፉ። ያልጠየቁትን ማንም አይሰጥዎትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ ንብረት አስረክበው ክሊራንስ እንዲጨርሱ ይጠራዎት ይሆናል። ያስረክቡ፤ እምቢ ማለት ሌላ ጥፋት ይጨምርብዎታል። ነገር ግን የሚፈርሙትን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። «በውሳኔው ተስማምቻለሁ» ወይም «የጎደለውን ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል ሐረግ ካገኙ፣ ከፊርማዎ በላይ «የይግባኝ መብቴ እንደተጠበቀ» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት፤ አይጻፍም ካሉዎት ሳይፈርሙ ይውጡና ያንኑ ዕለት በማመልከቻ ያስመዝግቡት።