ለባለቤቴ በግ፣ ለእኔ ነብር የሆነው አውራ ዶሮ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። 11 ሴት ዶሮዎችና አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አሉኝ። አውራውን ያሳደግነው እቤት ውስጥ ነው። እናቱንና ሌሎቹን ጫጩቶች ሽልምጥማጥ ጨርሷቸው ብቻውን ስለቀረ ልጆቹ በእጃቸው እያበሉ አሳደጉት። አሁን ዓመት ሞላው፤ ግቢ ስገባ ዘሎ እግሬን ይመታኛል። በእርግጫም ብለው በዱላም ብለው ባሰበት። የ5 ዓመት ልጃችን እሱን ፈርታ ደጅ መውጣት ትታለች። የሚገርመው ባለቤቴን ዝንቧን እሽ አይላትም። «አንተው ነህ ያባለግከው» ትለኛለች። ዶሮ በሰው ጠባይ ይበላሻል? ወይስ ልረደው?

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ዶሮ ሰው ይለያል። ማን ጥሬ እንደሚበትንለት፣ ማን እንደሚሸሸው፣ ማን እንደሚጋጠመው ያውቃል። ስለዚህ አንዱ አውራ ለአንዱ ጨዋ፣ ለሌላው ባለጌ ቢሆን አይግረምዎት። እርስዎ ደግሞ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከጥያቄዎ እንደገባኝ ቶሎ ቱግ የሚሉ ሰው ነዎት።

ሁለት አውራዎች ሲጣሉ አይተዋል። ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፣ የአንገታቸውን ላባ ይነፋሉ፣ ከዚያ ዘለው በእግር ይማታሉ። እርስዎ ሲራገጡ ለእሱ ያው ነው። እየተቀጣ መሆኑን ከየት ይወቀው? ሌላ አውራ መጣብኝ ነው የሚለው። ዛሬ ተመትቶ ቢያፈገፍግ ነገ መልሶ ይሞክራል። በዚያ ላይ እርግጫ አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል።

ልጅትዋ ደግሞ ትሮጣለች። በሮጠች ቁጥር ማሸነፉን ይማራል። ባለቤትዎ ግን አይጋጠሙትም፣ አይሸሹትም። ወደ ሥራቸው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። እሳቸውን የሚጣላበት ምክንያት አላገኘም።

ልክ ያልሆኑት የት ጋ ነው? ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ መጣላቸው ነው። ከእናቱና ከሌሎች ዶሮዎች ጋር ያደገ ወንድ ጫጩት ከትልልቆቹ ቁንጥጫ እየቀመሰ ልኩን ያውቃል። ለሰውም ትንሽ ፍርሃት ይኖረዋል። ብቻውን ከሰው እጅ እየበላ ያደገው ይህን አያገኝም። ጫጩት ሳለ ጣት ሲነክስ ያስቃል። ጎልማሳ መሆን ሲጀምር፣ 5 ወር ገደማ ላይ፣ ጨዋታው ድብድብ ይሆናል። የዘርም ነገር አለበት፤ ተዋጊነት ከወላጅ ሊወረስ ይችላል።

አሁን ወደሚደረገው። ከመዝለሉ በፊት ምልክት ይሰጣል። አንድ ክንፉን ወደ መሬት ጣል አድርጎ በጎን በጎን ይጠጋል። አንዳንዴም ምንም እህል በሌለበት መሬቱን ይጫራል፣ ይለቅማል። የሚበላ ይመስልዎታል፤ ግን ሊመጣብዎ ነው። ያኔ አይሩጡ፣ ወደ ኋላም አይበሉ፣ ዓይኑን ትክ ብለው አይዩት። ቦቲ ጫማ አድርገው ዝም ብለው ይቁሙ። ቢመታዎትም አይመልሱ። ሲረጋጋ ቀስ ብለው ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

ለቁጡ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ካልቻሉ ማታን ይጠቀሙ። ዶሮ በጨለማ አያይም ማለት ይቻላል፤ ቆጥ ላይ ሆኖ የሚጣላ አውራ የለም። ሲመሽ ቀስ ብለው ያንሱት፣ ሁለቱን ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቀው ብብትዎ ሥር ይያዙት፣ እስኪላላ ድረስ ይዘውት ይቆዩና ይመልሱት። ገበያ ላይ እንደምናየው እግሩን ይዘው ዘቅዝቀው አያንጠልጥሉት፤ መተንፈስ ይከብደዋል፣ ይባስ ይፈራል። ይህን በየምሽቱ ያድርጉ። ቀን ላይ ደግሞ ሲረጋጋ ጥቂት ጥሬ ከፊትዎ ይበትኑለት። ከእጅዎ ግን አያብሉት፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው። ልጆቹም ማባበሉንም ማናደዱንም ይተዉ።

የልጅትዋ ጉዳይ ግን ልምምድ አይደለም። የ5 ዓመት ልጅ ፊቷ አውራው በሚዘልበት ከፍታ ላይ ነው፤ ዓይኗን ሊያጠፋት ይችላል። እሷ ደጅ ስትሆን እሱ ታጥሮ ይዋል። ከእግሩ ጀርባ ያለው ሹል ረዝሞ ከሆነ ጫፉን ብቻ በሞረድ ያደንዝዙት። ከሥሩ እንዳይቆርጡ፣ ውስጡ አጥንትና ደም አለው። ሰው ካቆሰለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥበው ጤና ጣቢያ ያሳዩ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ይዘውት ካልተለወጠ ይሽጡት ወይም ለወጥ ይረዱት። ማፈር የለም። አንዳንዱ አይታረምም፤ አንዳንዱ ሰውም ለእንዲህ ያለ አውራ ትዕግሥት የለውም፣ ይህም ነውር አይደለም። በዓል ከተቃረበ ዋጋ ያወጣል፤ ሲሸጡ ግን ጠባዩን ለገዢው ይንገሩ፣ በተለይ ለእርባታ የሚወስደው ከሆነ። እንቁላልም አይቀርብዎትም፤ ሴት ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፣ ጫጩት ብቻ ነው የማይገኘው። ጫጩት ከፈለጉ ለ11 ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ሌላ አውራ ሲገዙ የሻጩ ግቢ ድረስ ሄደው ሰው አጠገቡ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሆን ይዩ። ከአሁኑ አውራ እንቁላል ግን አያሳቅፉ።