«ያልሰማኋት ነገር የለም»

ጠያቂያችን የ44 ዓመት የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ትዳር ከያዘ 15 ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ እናቅርብ።

«ባለቤቴ "አትሰማኝም" ትለኛለች። እኔ ግን ያልሰማኋት ነገር የለም። ያለችኝን በየቃሉ ልደግምልህ እችላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉለሌ ካለው የቤተሰቦቿ ግቢ ወጥተን ቱሉ ዲምቱ ገባን። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቤ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እስከዚያ አከራይተነው ነበር። ተመካክረን ነው የገባነው። ወንድሜ እንኳ "ሚስቱን ሰምቶ፣ የራሱን ቤት ለሰው ሰጥቶ በአማቶቹ ግቢ ይኖራል" ይለኝ ነበር። ከገባን በኋላ ውሃ ቸገረኝ አለች፤ ሮቶ አስገባሁ። የልጆቹ መንገድ ራቀ አለች፤ ሰርቪስ ያዝኩላቸው። ብቸኝነት ተሰማኝ አለች፤ ዲሽ አስገባሁ። ዩቲዩብ ላይ ስለ ማዳመጥ አይቼ ስልኬን ማስቀመጥ፣ ዓይኗን ማየት፣ ያለችውን መልሼ "እንዲህ ማለትሽ ነው?" ማለት ጀመርኩ። "ምነው ጋዜጠኛ ሆንክብኝ?" አለችኝ። አሁን አምስት ወር ሆነ፣ ንዝንዙ ቆሟል። ቤቱ ሰላም ነው። ግን እሷ ዝም ብላለች። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ስታፈላ ስድስት ሰባት ስኒ ትደረድራለች። የምትጠጣው እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ቡና አልጠጣም። የተሻለ አድማጭ ለመሆን ምን ዘዴ ልጠቀም? ይህን ደብዳቤስ ላሳያት?»

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። ሚስቱ «አትሰማኝም» ስትለው እንዴት ልስማት ብሎ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ባል ብዙ አይደለም። የደከምከውም ድካም እውነተኛ ነው። ሮቶውም ሰርቪሱም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሐሳብ የወጣባቸው ናቸው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለው ትንሽ ሊከብድህ ስለሚችል ነው።

ያለችህን በየቃሉ መድገም እንደምትችል ጽፈሃል። አምንሃለሁ። የጆሮ ችግር የለብህም። ግን «አትሰማኝም» ስትልህ ምን ማለቷ እንደሆነ እስቲ ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። አንዲት እናት «ይሄ ልጅ አይሰማም» ስትል ልጁ ደንቆሮ ነው ማለቷ ነው? አይደለም። የተናገረችው ሁሉ ጆሮው ደርሷል። አላደረገውም ማለቷ ነው። «ምክር የማይሰማ» የምንለው ሰውም ምክሩን አሳምሮ ያውቀዋል። በአማርኛ መስማት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ድምፁ ሲገባህ ነው። ሌላው የሰማኸው ነገር ካሰብከው ሲመልስህ፣ ሲያዘገይህ ወይም ሲያስቀይርህ ነው። አንተ የመጀመሪያውን እያሳየህ ነው። እሷ የምትጠይቅህ ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ወንድምህ ተናገረ ያልከውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። «ሚስቱን ሰምቶ…» ነው ያለው። እዚህ ላይ «ሰምቶ» የሚለው ቃል ስድብ ነው። እኛ አገር መስማት ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሆኖ ኖሯል። ልጅ ወላጁን ይሰማል፤ ተማሪ መምህሩን ይሰማል፤ ታናሽ ታላቁን ይሰማል። ባል ሚስቱን ሰማ ሲባል ግን ሰው ይስቃል። ይህን የምለው ወንድምህን ለመክሰስ አይደለም። እሱም ሲባል የሰማውን ነው የደገመው። ነገር ግን በአማቶችህ ግቢ ስትኖር ያ ንግግር ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያቅተኝም። አርባ ዓመት ያለፈው አባወራ፣ በስሙ ቤት እያለው፣ በር ላይ «የእነ እንትና አማች» እየተባለ። ያ ሕመም በደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ስለ ሮቶው የጻፍከው ከዚያ ይረዝማል።

እንግዲህ ያ ንግግር ሚስትህን ሳትሰማ እንድትወጣ ገፋፋህ፤ ሳትሰማትም ወጣህ። «ተመካክረን ነው የገባነው» ብለሃል። ግን እሷ በዚያ ምክክር ላይ ምን እንዳለች አንድም ቃል አልጻፍክም። ከገባችሁ በኋላ ያለችውን ሁሉ ግን በዝርዝር ታስታውሳለህ። ስለ ውሃ፣ ስለ ልጆቹ መንገድ፣ ስለ ብቸኝነት። ከመግባታችሁ በፊት ያለችው የት ሄደ? ልሳሳት እችላለሁ፤ በእጄ ያለው የአንተ ደብዳቤ ብቻ ነው። ግን «አትሰማኝም» የሚለው ቃል የጀመረው ከዚያ ቀን ይመስለኛል። ውሃው፣ የልጆቹ መንገድ፣ ብቸኝነቱ የዚያው አንድ ንግግር ቅጥያ ናቸው። አንተ ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ ፈታህ። ዋናው ሳይነካ ቀረ።

ዘዴ ስለጠየቅከኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 130 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ተከታትሎ ነበር። ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንተ የተማርከው ዓይነት ማዳመጥ፣ ማለትም የትዳር ጓደኛ ያለውን በራስ ቃል መልሶ መናገር፣ ትዳሩ እንደሚጸና ወይም እንደሚፈርስ አላመለከተም። ደስተኞቹም ጥንዶች ሲጣሉ እምብዛም እንዲህ አይነጋገሩም። ጎልቶ የወጣው ሌላ ነገር ነው። ባልየው የሚስቱ ሐሳብ እሱ ላይ ለውጥ እንዲያመጣ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም? የማይፈቅዱት ወንዶች ትዳር ለመፍረስ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ጥንዶች ናቸው፤ ጥናቱም ተቃዋሚ አላጣም። እንደዚያም ሆኖ እኔ ሳነበው ደንግጫለሁ። ለዓመታት ያንኑ ዘዴ ለጥንዶች ሳስተምር ነበርና።

ደግሞ የዘዴው አባቶች ራሳቸው አስጠንቅቀው ነበር። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ካርል ሮጀርስና ሪቻርድ ፋርሰን በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ «ንቁ ማዳመጥ» ሲጽፉ፣ ከልብ ካልመጣ ባዶ ይሆናል፣ ተናጋሪውም ያውቅብናል ብለዋል። ሚስትህ «ጋዜጠኛ ሆንክብኝ» ያለችህ ይህንኑ ነው። ጋዜጠኛ ጥሩ አድርጎ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ ከዚያ ይሄዳል። የሰማው ነገር ቤቱን አይነካውም። እነዚያ ሰዎች ሌላም ነገር ብለዋል፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። በእውነት የሚሰማ ሰው ራሱ የመለወጥ አደጋ አለበት። አንተን የሚያስፈራህ ይሄ ይመስለኛል። ብሰማት ወደ ጉለሌ ልመለስ ነው? ወንድሜስ ምን ይለኛል?

ስለ ዝምታዋም እንነጋገር። «ቤቱ ሰላም ነው» ብለሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው የሚነዘንዘው ተስፋ ሲኖረው ነው፤ «ዛሬ ይሰማኝ ይሆናል» ብሎ። ዝም ያለችው አንተ ስለተሻሻልክ ላይሆን ይችላል። የደከማት ይመስለኛል። ደግሞ ስኒዎቹ አሉ። ለእነሱ ሲባል ብቻ ይህን መልስ በጻፍኩት ነበር። ጉለሌ እያለች ቡና ስታፈላ እነማን ይመጡ ነበር? እናቷ? የጎረቤት ሴቶች? አብሮ አደጎቿ? ከጉለሌ ቱሉ ዲምቱ የከተማው ጫፍና ጫፍ ነው። በታክሲ ሰው ቡና ሊጠጣ አይመጣም። ስኒዎቹን አይተሃል፤ ቆጥረሃል፤ ለማታውቀው ሰው ጽፈህ ልከሃል። እሷን ግን የጠየቅካት አይመስለኝም።

አሁን ምን ላድርግ ትል ይሆናል። እንደገና መፍትሔ ይዘህ እንዳትሮጥ እሰጋለሁና ጥቂቱን ብቻ እላለሁ። ልጆቹ በተኙበት አንድ ምሽት «እዚህ ከመግባታችን በፊት ያልሽኝን ያን ጊዜ አልሰማሁሽም» በላት። «ግን» አትጨምርበት። ሮቶውን አታንሳ። ልትቆጣ ትችላለች፣ ልታለቅስ ትችላለች፣ ወይም «አሁን ምን ይፈይዳል?» ብላ ትተኛ ይሆናል። ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ ቁጣ ቢመጣ ነገሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። በዚያ ምሽት ምንም አትፍታ።

ከዚያ ጊዜ ስጠው። መመለስ አለባችሁ ወይም የለባችሁም ብዬ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ምናልባት በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ማሳለፍ ይሆናል የምትፈልገው። ምናልባት ይህንኑ ቤት የራሷ ማድረግ። ምናልባት እኔም አንተም ያልጠረጠርነው ነገር። ብቻ የምትለው ነገር የሆነ ቦታ ላይ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ውሳኔህን ሲያስቀይርህ ማየት ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። እንቅልፏ ወይም የምግብ ፍላጎቷ ከተዛባ፣ የምትወዳቸውን ነገሮች ከተወች፣ ልጆቹን ለመንከባከብ እንኳ ጉልበት ካጣች፣ ይህ ኩርፊያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ያ ባይሆንም ሁለታችሁ አብራችሁ አንድ የትዳር አማካሪ ፊት ብትቀመጡ እመርጣለሁ። ሽማግሌ አትጥሩ አልልም። ግን ሽማግሌ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመለየት ነው፤ አስታርቆም ይበተናል። እሷ አሁን ታረቂ መባል የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። «እሺ» ብላ ዝምታዋን ትቀጥላለች።

ደብዳቤውን ላሳያት ወይ ብለሃል። አሁን ባታሳያት ይሻላል። የእኔንም መልስ አታሳያት። ከሮቶውና ከዲሹ ቀጥሎ ይዘህ የመጣኸው ሌላ ዕቃ ይመስላታል። ከተነጋገራችሁ በኋላ እሷ ከጠየቀችህ ያኔ ታነበዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቡናው ሲፈላ ሌላ ክፍል አትሂድ። ባትጠጣም ከአቦል እስከ በረካ አጠገቧ ቁጭ በል። ስኒዎቹ የእነማን እንደሆኑ ጠይቃት።